አርባ ቦታ መመዝገብ ወይስ ሁለት ቦታ በደንብ መገኘት?

ጥያቄ፦ «ሐረር ጀጎል ውስጥ የቤተሰባችንን ቤት አድሰን አምስት ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ ከፍተናል። ቁርስ ከዋጋው ጋር ነው። የራሳቸው መታጠቢያ ያላቸው ሁለቱ ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በጋራ ይጠቀማሉ። እስካሁን እንግዳ የሚመጣልን በአስጎብኚዎች በኩል ነው። አሁን አንድ ልጅ ‹አርባ የኢንተርኔት የጉዞ መመሪያዎች ላይ አስገባችኋለሁ፣ ጎግል ላይም አንደኛ አደርጋችኋለሁ› ብሎ 45,000 ብር ጠየቀን። ባለቤቴ እንክፈል ይላል። እኔ በራሳችን ቡኪንግ በሚባለው የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ ላይ ብንገባ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ግን ኮሚሽኑ 15 በመቶ ነው ሲሉኝ ደነገጥኩ። ዋጋችን በአዳር 2,000 ብር ነው። ለመነሻ ያህል ዘመዶቻችን ጥሩ ጥሩ አስተያየት ቢጽፉልንስ? ምን ይመክሩናል?»

45,000 ብሩን አይክፈሉ። ዘመዶችዎንም አያስጽፉ። ኮሚሽኑ ግን አሰላሉን ካወቁት የሚያስደነግጥ አይደለም። ሦስቱንም እመጣባቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከጥያቄው ሥር ያለውን አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ላንሳ።

ጥያቄዎ «ብዙ ቦታ ከታየን ብዙ እንግዳ ይመጣል» ከሚል እምነት የተነሳ ይመስላል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በርሊን ወይም ቶሮንቶ የተቀመጠ ሰው የማረፊያ ዝርዝር ሲያገላብጥ ቆይቶ «እንግዲያውስ ሐረር ልሂድ» አይልም። መጀመሪያ ሐረርን ይመርጣል። በግንቡ፣ በጅቡ፣ በቡናው ወይም ገጣሚው ራምቦ በኖረባት ከተማ ታሪክ ተስቦ። መመሪያዎቹ ሥራ የሚጀምሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሰውዬው መምጣቱን ወስኗል፤ አሁን የቀረው አልጋ መፈለግ ነው። በዚያ ሰዓት የት እንዳላችሁ፣ ያደሩባችሁ ሰዎች ምን እንዳሉ፣ ሲጽፍ የሚመልስለት ሰው ይኑር አይኑር ያያል። አርባ ቦታ መመዝገብ ለእነዚህ ለአንዳቸውም መልስ አይሆንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤት ይጠይቁ። ጀጎል ውስጥ የሐረሪ ባህላዊ ቤታቸውን ወደ ማረፊያ የቀየሩ ሌሎች ቤተሰቦች አሉ። እነሱም ባዶ ከሆኑ ችግሩ የእርስዎ አለመታየት አይደለም፤ ወደ ከተማዋ የሚመጣው ሰው ቀንሷል ማለት ነው። የውጭ አገር ጎብኚ ትኬት ከመቁረጡ በፊት መንግሥቱ ስለ ኢትዮጵያ ያወጣውን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ያነባል። ማስጠንቀቂያው ከበረታ ኢንሹራንሱ ላይሸፍነው ይችላል። አስጎብኚ ድርጅቶችም ቡድናቸውን ይሰርዛሉ። ይህን ማንም መመሪያ አያስተካክለውም፤ በዚያ ወቅት ገንዘብዎን መያዝ ነው የሚሻለው። ጎረቤቶችዎ እየሞሉ እርስዎ ባዶ ከሆኑ ግን ጉዳዩ የመታየት ወይም የመታመን ነው። ለዚህ መላ አለው።

«ጎግል ላይ አንደኛ» የሚለውን ቃል እንመልከት። ጎግል ራሱ በግልጽ ጽፎታል፤ በአካባቢ ፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ያለ ቦታ በገንዘብ አይገዛም። ደረጃው የሚወሰነው ቤትዎ ፈላጊው ከጻፈው ነገር ጋር በመግጠሙ፣ በቅርበቱ እና በታዋቂነቱ ነው። ታዋቂነት የሚባለው ከአስተያየቶች ብዛትና ጥራት ጋር፣ ሌሎች ድረ ገጾችም ስለ ቤትዎ ከመጥቀሳቸው ጋር ይያያዛል። ማስታወቂያ መግዛት በእርግጥ ይቻላል። እሱ ግን ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው፤ ክፍያው በቆመ ማግስትም ይጠፋል። ልጁ ሊያደርግልዎት የሚችለው መረጃዎን በትክክል መሙላት ነው። ይህን እርስዎም ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብለው ይጨርሱታል።

የአርባው ምዝገባ ሌላም ጣጣ አለው። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ድረ ገጾች ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ዝርዝር የያዙ ናቸው፤ መንገደኛ አይከፍታቸውም። ቢከፍታቸውም ዛሬ የተሞላው ስልክና ዋጋ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቀዋል። ዋጋ ጨምረው በአሮጌው የሚከራከርዎት እንግዳ ይመጣል። ስልክ ቀይረው የሚደውለው ሌላ ሰው ጋ ይገባል። አርባ ቦታ ያለ የተሳሳተ መረጃ ማን ያርመዋል? ልጁ ያኔ ሌላ ሥራ ይዟል።

ከሁሉም የከፋው ግን የአካውንቱ ባለቤትነት ነው። እንዲህ ያሉ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ምዝገባውን የሚያደርጉት በራሳቸው ኢሜይልና በራሳቸው ስልክ ነው፤ በተንኮል ሳይሆን ስለሚቀላቸው። ከዚያ ይጣላሉ፣ ወይም ልጁ አገር ይለቃል፣ ወይም ስልኩ ይጠፋል። የቤትዎ ገጽ፣ ፎቶው፣ አስተያየቱ ሁሉ እጅዎ ላይ አይደለም ማለት ነው። ጎግል ላይ ባለቤትነትን መልሶ የመጠየቅ ሥርዓት አለ፤ ግን ማስረጃና ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዳንዱ ሲያቅተው ለዚያው ቤት ሁለተኛ ገጽ ይከፍታል። ያኔ አስተያየቱ ለሁለት ይከፈልና ፈላጊው የቱ ትክክል እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ለማንም ይክፈሉ ለማን፣ ኢሜይሉ የእርስዎ፣ የይለፍ ቃሉ የእርስዎ፣ ማረጋገጫው የሚላክበት ስልክም የእርስዎ ይሁን። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አሁን ወደ መመሪያዎቹ። ሁሉንም በአንድ ስም ስለምንጠራቸው እንጂ ሥራቸው የተለያየ ነው። ቡኪንግ ዶት ኮም ሻጭ ነው፤ እንግዳ ያመጣል፣ ከዋጋው ይቆርጣል። ትሪፕአድቫይዘር በዋናነት የአስተያየት ሰሌዳ ነው፤ መመዝገብ በነፃ ነው፣ አስተያየት የሚጽፈውም ማንኛውም አካውንት ያለው መንገደኛ ነው። ደረጃው የሚወጣው ከአስተያየቶቹ ጥራት፣ ብዛትና ትኩስነት ተነስቶ ነው። ጎግል ማፕ ሁለቱንም ያጣምርና መንገዱን ይመራል። ሎንሊ ፕላኔትን የመሳሰሉት ደግሞ ጸሐፊ ልከው የሚመርጡ ናቸው። ዊኪቮያጅ በበጎ ፈቃደኞች የሚጻፍ ነፃ መመሪያ ነው።

እነዚህን እኩል ማየት አያስፈልግም። ለአምስት ክፍል ቤት ዋናው ጎግል ነው። ቡኪንግ ላይ ያገኘዎት ሰው እንኳ ከመያዙ በፊት ስምዎን ጎግል ላይ ይፈልገዋል። አስጎብኚው «እዚህ አሳድራችኋለሁ» ያለው እንግዳም መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩን ያወጣል። ስለዚህ ጊዜዎን እዚህ ላይ ያፍስሱት።

ጀጎል ውስጥ ትልቁ ፈተና ቦታውን በትክክል ማስቀመጥ ነው። ጠባብ መተላለፊያዎቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ምልክቱ በ30 ሜትር ቢሳሳት እንግዳው በሌላ መተላለፊያ ገብቶ የሰው ግቢ ያንኳኳል። ምልክቱን ሲያስቀምጡ ቤት ውስጥ ሆነው «ያለሁበት ቦታ» የሚለውን ብቻ አይመኑ፤ በድንጋይ ግድግዳ መሃል ስልክ ይሳሳታል። በሳተላይት ምስሉ ላይ የራስዎን ጣሪያ ፈልገው በሩ ባለበት በኩል ይትከሉት። የቤት ቁጥርና የመንገድ ስም በማይረዳበት ሰፈር ጎግል «ፕላስ ኮድ» የሚባል አጭር ምልክት ይሰጣል፤ እሱን ቀድተው በዋትስአፕ ይላኩ።

ቀጥሎ መንገዱን በቃላት ይጻፉ። መኪና የሚደርሰው ፈረስ መጋላ አደባባይ ድረስ ነው? ከዚያ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ በኩል በእግር ስንት ደቂቃ ነው? ሻንጣ የሚሸከም ሰው አለ? «ፈረስ መጋላ ሲደርሱ ይደውሉ፣ መጥተን እንቀበላለን» የሚል አንድ መስመር ከማንኛውም ፎቶ የበለጠ እንግዳ ያረጋጋል። አብዛኛው የውጭ ሰው ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ወርዶ ወደ 50 ኪሎ ሜትር በመኪና ነው የሚመጣው። የሚኒባስ ወይም የኮንትራት ታክሲ ዋጋ ግምቱን ቢነግሩት ገና ሳይደርስ ወዳጅ ሆነዋል።

ጎግል ባለቤትነትዎን ሲያረጋግጥ አብዛኛውን ጊዜ ቪዲዮ ይጠይቃል። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ መቀረጽ አለበት። ከሚታወቅ ቦታ ይጀምሩ፤ የግንቡ በር ወይም ጎረቤት ያለ ሱቅ ከነጽሑፉ ይታይ። ከዚያ በመተላለፊያው ሄደው የቤቱን ምልክት ያሳዩ፣ በሩን በቁልፍዎ ይክፈቱ፣ ክፍሎቹን ያሳዩ። ምልክት ካልሰቀሉ መጀመሪያ ይስቀሉ። ምዝገባው ላይ የሥራ ዓይነት ሲመርጡ «ሆቴል» አይበሉ። «ጌስት ሀውስ» ወይም ቁርስ ያለው ማረፊያ የሚለውን ይምረጡ። ሆቴል ብሎ የመጣ እንግዳ ሊፍትና የ24 ሰዓት እንግዳ ተቀባይ ይጠብቃል፤ ሲያጣ ደግሞ በኮከብ ይቀጣዎታል።

ስልክዎን በ09 ጀምረው አይጻፉ። +251 አድርገው ዜሮዋን ያውጧት፤ ያለዚያ ከውጭ የሚደውል ሰው አያገኝዎትም። የመግቢያና መውጫ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ይሁን። ስልክ የሚያነሳው ልጅ «በስምንት ሰዓት ክፍሉ ይደርሳል» ካለ እንግዳው በጠዋቱ መጥቶ ቁጭ ይላል። ቀልድ ይመስላል፤ ግን በየጊዜው የሚያጣላ ነገር ነው። የቤቱን ስም በላቲን ፊደል አንድ ጊዜ ወስነው ሁሉም ቦታ ላይ እንዲያው ይጻፉት። በአማርኛም ያስገቡት፤ የአገር ውስጥ እንግዳ የሚፈልገው በዚያ ነው።

የኢንተርኔት ዳታ የሌለው ጎብኚም አለ። ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰሉ፣ ከመስመር ውጭ የሚሠሩ ካርታዎችን አውርዶ ነው የሚመጣው። እነዚህ መረጃቸውን የሚወስዱት ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ ነው፤ ማንም ሰው ገብቶ ማረፊያውን ማስመዝገብ ይችላል። ገንዘብ አያስወጣም፤ ብዙ ባለ ማረፊያ ግን አያውቀውም። ዊኪቮያጅም እንደዚሁ ባለቤቱ ራሱ እንዲጽፍ ይፈቅዳል፤ ግን ሙገሳ አይወድም። «በሐረር ተወዳዳሪ የሌለው» ብለው ከጻፉ ይሰርዙታል። የክፍል ብዛት፣ ዋጋ፣ ስልክ፣ የጋራ መታጠቢያ መኖሩን ጽፈው ይውጡ።

አሁን በጣም ወደማስብበት ነገር ልምጣ፤ እውነቱን መጻፍ። ባለ ማረፊያዎች የሚፈሩት ይህን ነው። «የጋራ መታጠቢያ ነው ካልኩ ማን ይመጣል?» ይላሉ። ይመጣል። የማይመጣው የራሱን መታጠቢያ የሚፈልገው ነው፤ እሱ ደግሞ ሳይነገረው ቢመጣ ኖሮ ዝቅተኛውን ነጥብ ሰጥቶዎት ነበር የሚሄደው። ሁለቱን ክፍሎች ለብቻ፣ ሦስቱን ለብቻ አድርገው በተለያየ ዋጋ ያስገቡ። አምስቱንም በአንድ ስም ካስገቡ መታጠቢያ ያለው ክፍል ፎቶ አይቶ የያዘው ሰው የጋራው ሲደርሰው ተታለልኩ ይላል። ልክም ነው።

ውኃውም እንዲሁ። የሐረር የውኃ ችግር የቆየ ነው፤ የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ከነበረበት ጊዜ ወዲህ ከተማዋ ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢም ጭምር መሳብ ግድ ሆኖባታል። ጎብኚው ይህን አያውቅም። «የመንግሥት ውኃ አንዳንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ታንከር አለን፤ ታንከሩ ካለቀ በባልዲ ሙቅ ውኃ እናቀርባለን» ብለው ይጻፉ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ይንገሩ። ጎህ ሳይቀድ የአዛን ድምፅ እንደሚሰማ፣ ማታ ጅቦች በሰፈሩ እንደሚያልፉም ይጻፉ። ለእርስዎ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ለአንዱ እንግዳ የመጣበት ምክንያት ነው፤ ለሌላው እንቅልፍ ማጣት። አስቀድሞ የተነገረው ሰው አያማርርም፤ የጆሮ መድፈኛ ይዞ ይመጣል።

ፎቶም ላይ ይኸው ሕግ ይሠራል። የጊዲር ጋሩን (የሐረሪ ቤት ዋናውን ሳሎን) ቀይ መደብ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች በቀን ብርሃን ያንሱ። ትልቁ ሀብትዎ ይህ ነው፤ ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ሊገዛው የማይችለው ነገር። ግን መጸዳጃውን፣ ደረጃውንና የመግቢያውን መተላለፊያም ያንሱ። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ደረጃውን አይቶ ይወስናል። ቁርስንም «ቁርስ አለ» ብለው አይለፉት። ትኩስ ፈጢራ ከማር ጋር፣ ከቡና ቅጠል በወተት የሚፈላ ቁጢ ካቀረቡ በስሙ ይጥሩት፣ ፎቶውንም ያስገቡ። እንቁላልና ዳቦ እማ የትም አለ።

ወደ ኮሚሽኑ እንሂድ። ቡኪንግ ዶት ኮም የሚያስከፍለው እንደ አገሩና እንደ ውሉ ይለያያል፤ 15 በመቶ የተለመደ ነው። ከ2,000 ብር ላይ 300 ብር ነው፤ ለእርስዎ 1,700 ይቀራል። ብዙ ሰው «15 በመቶ ልጨምርና 2,300 ላድርገው» ይላል። አይሠራም። ኮሚሽኑ የሚሰላው በአዲሱ ዋጋ ላይ ስለሆነ ከ2,300 ላይ 345 ይሄዳል፤ 1,955 ይቀርዎታል። ሙሉ 2,000 እንዲገባልዎ ከፈለጉ ዋጋው ወደ 2,353 ብር መሆን አለበት። ቅናሽ ከጨመሩበት ደግሞ ይባባሳል። ድርጅቱ ለደንበኞቹ 10 በመቶ ቅናሽ እንዲሰጡ ይጋብዝዎታል፤ በምላሹ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይዎት ይነግርዎታል። 2,000ው 1,800 ይሆናል፤ ኮሚሽን ሲወጣለት 1,530። ሲጀምሩ አይግቡበት።

አሁን ከልጁ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። 45,000 ብር ማለት የ150 አዳር ኮሚሽን ነው። አምስቱም ክፍልዎ አንድ ወር ሙሉ ያለ ባዶ ቀን ቢያዝ 150 አዳር ነው። ልዩነቱ ኮሚሽን የሚከፍሉት እንግዳው መጥቶ ካደረ በኋላ መሆኑ ነው። ለልጁ የሚከፍሉት ማንም ሳይመጣ ነው። እስካሁን ለአስጎብኚዎች የሚሰጡትንም በዚሁ መለኪያ ያስሉት፤ ቡኪንግ ያን ያህል ውድ ላይመስልዎት ይችላል።

ኮሚሽኑ አያስፈራም ስል ግን ሥጋት የለውም ማለቴ አይደለም። እንግዳው ቤትዎ ሲደርስ የሚከፍል ከሆነ ድርጅቱ በየወሩ የክፍያ መጠየቂያ ይልካል። በጊዜው ካልተከፈለ ገጽዎ ይዘጋል። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ እንዴት እንደሚከፍሉ ከባንክዎ ጋር ከመመዝገብዎ በፊት ይጨርሱ፤ እንግዳ መምጣት ከጀመረ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ ያስከፍላል። ኤርቢኤንቢ የሚባለው ሌላ የማረፊያ ድረ ገጽ በተቃራኒው ገንዘቡን ራሱ ሰብስቦ ለባለቤቱ ይልካል። እዚያ ደግሞ ገንዘቡ በምን መንገድ እጅዎ እንደሚገባ አስቀድመው ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ሆስቴልወርልድ እንግዳው ሲይዝ የሚከፍለውን ቅድመ ክፍያ ለራሱ ያስቀርና ቀሪውን እርስዎ እንዲቀበሉ ያደርጋል፤ የባንኩ ጣጣ ካስቸገረዎት በሁለተኛ ደረጃ እሱን ያስቡት። ደንበኞቹ ግን ቁጠባ የሚወዱ ወጣቶች ናቸው።

ሁለተኛው ሥጋት አንድን ክፍል ለሁለት ሰው መስጠት ነው። አስጎብኚው በስልክ ሦስት ክፍል ያዘ፤ እርስዎ ቡኪንግ ላይ መዝጋቱን ረሱ፤ ማታ ሻንጣ የያዙ ባልና ሚስት በር ላይ ቆመዋል። በውሉ መሠረት ሌላ ቦታ ፈልገው ማሳረፍ ያለብዎት እርስዎ ነዎት፤ የዋጋ ልዩነቱም የእርስዎ ነው። አምስት ክፍል ላለው ቤት መላው ቀላል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ለቡኪንግ ይስጡ። የቀሩትን በስልክና ለአስጎብኚዎች ይያዙ። የገና እና የጥምቀት ሰሞን ሁሉም ሲጣበብ ደግሞ እየተከታተሉ ያስተካክሉ።

ሦስተኛው ይዞ የሚቀር እንግዳ ነው። ለቪዛ ማመልከቻ የማረፊያ አድራሻ ለመሙላት ብቻ ይዞ በኋላ የሚሰርዝ አለ። ዝም ብሎ የሚቀርም አለ። የቀረውን እንግዳ በሥርዓቱ «አልመጣም» ብለው ካላሳወቁ ያላገኙት ገንዘብ ኮሚሽን ይጠየቅበታል። ማሳወቂያው ጊዜ የተወሰነለት ስለሆነ በማግስቱ ያድርጉት፤ ለሳምንት አያቆዩት። አንድ ማሳሰቢያም ልጨምር። በቡኪንግ የያዘውን እንግዳ «ሰርዘውና በቀጥታ ክፈለኝ» ብለው በዚያው መልእክት መላላኪያ አይጻፉለት። ውል ማፍረስ ነው፤ ያዩታልም። ወደፊት ሲመለስ ወይም ጓደኛውን ሲልክ በቀጥታ እንዲደውል ካርድ መስጠት ግን ማንንም አያስቀይምም።

ስለ ዘመዶችዎ አስተያየት። ቡኪንግ ላይ ይህ አይቻልም፤ በእነሱ በኩል ይዞ ያደረ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው። ጎግልና ትሪፕአድቫይዘር ላይ ይቻል ይሆናል፤ ግን በሁለቱም ደንብ የተከለከለ ነው። ለእውነተኛ እንግዳም ቢሆን «አምስት ኮከብ ከሰጠኸኝ ቅናሽ አደርጋለሁ» ማለት ክልክል ነው። ትሪፕአድቫይዘር ሲደርስበት ደረጃ ዝቅ ያደርጋል፤ ሲብስም ገጹ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። ደንቡን ለጊዜው እንተወውና፣ አንባቢ ራሱ ያውቃል። በአንድ ሳምንት ውስጥ ስምንት ሰው «በጣም አሪፍ ቤት» ብሎ ከጻፈ፣ ሁሉም ሌላ ምንም ጽፈው የማያውቁ ከሆኑ፣ ጎብኚው ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

ከእውነተኛ እንግዶች ግን ሳያፍሩ ይጠይቁ። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ፤ ቡና አጠጥቶ፣ በር ድረስ ሸኝቶ «አስተያየት ጻፍልኝ» ማለት ልመና ይመስላል። ለውጭ ሰው የተለመደ ነገር ነው። ሲሸኙ የጎግል ገጽዎን ማስፈንጠሪያ በዋትስአፕ ይላኩ፤ በቃ። ብዛቱ ለምን እንደሚጠቅም በቁጥር ይመልከቱት። ስምንት ባለ አምስት ኮከብ አስተያየት ኖሮዎት አንድ ሰው አንድ ኮከብ ቢሰጥ አማካዩ ወደ 4.6 ይወርዳል። 60 ቢኖርዎት ያ አንድ ሰው ከ4.9 በታች አያወርድዎትም። ክፉ አስተያየት ሲመጣ ደግሞ በማግስቱ፣ ንዴት ሲበርድ፣ በሁለት ሦስት መስመር ይመልሱ። መልሱ ለጻፈው ሰው ሳይሆን ነገ ለሚያነበው ነው። «ውኃው ለሁለት ቀን ጠፍቶ ነበር፤ ልክ ነዎት፤ አሁን ሁለተኛ ታንከር አስገብተናል» የሚል መልስ እንግዳ አያሸሽም። «ውሸታም ነህ» የሚለው ግን ያሸሻል፤ እውነት ቢሆንም።

ጸሐፊ ልከው ስለሚመርጡት መመሪያዎች አጭር ቃል። ሎንሊ ፕላኔት ጸሐፊዎቹ ለመልካም አስተያየት ብለው ነፃ አገልግሎት እንዳይቀበሉ ይከለክላል። ስለዚህ «የመመሪያው ወኪል ነኝ፣ ክፈሉና ላስገባችሁ» የሚል ሰው ከመጣ አጭበርባሪ ነው፤ ያለ ጭቅጭቅ ያሰናብቱ። ቲክቶክ ላይ ተከታይ አለኝ፣ ሁለት ሌሊት በነፃ ልደር የሚል ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክፍሉ ባዶ በሆነበት ሰሞን አንድ ሌሊት ቢሰጡ አይከፋም፤ በነፃ ማደሩን ከተናገረ። ዋጋውን ከማስታወቂያ ወጪ ይቁጠሩት እንጂ ተአምር አይጠብቁ።

የአገር ውስጡ እንግዳ በሌላ መንገድ ይመጣል፤ ባለቤትዎና እርስዎ ስለ እሱ ምንም አለማንሳታችሁ ገርሞኛል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለቁልቢ ገብርኤል የሚመጣው ሰው ቡኪንግ አይከፍትም። የሐረሪዎችን በዓል ሹዋሊድን ለማየት የሚመጣውም፣ በክረምት ልጆቹን ይዞ ከውጭ የሚመጣው የሐረር ተወላጅም እንደዚያው። ሹዋሊድ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ከገባ ወዲህ ስሙ ሰፍቷል። ይህ ሰው ጎግል ማፕ ላይ ስልክ ያያል፣ ይደውላል፣ በቴሌግራም ፎቶ ላኩልኝ ይላል፣ በቴሌብር ቀብድ ይልካል። ለእሱ የሚያስፈልገው የሚነሳ ስልክና የተዘጋጀ የፎቶ አልበም ነው። ኮሚሽን የለበትም። ለአገር ሰውና ለውጭ ሰው የተለያየ ዋጋ ካለዎት ሁለቱንም በግልጽ ይጻፉ፤ አንደኛው የሌላውን በድብቅ ሲያገኘው ነው ችግር የሚመጣው።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው ነው። በዚህ ሳምንት በራስዎ ኢሜይል የጎግል ገጽዎን ይክፈቱ፤ ቀድሞ በሌላ ሰው የተከፈተ ካለ አዲስ ሳይከፍቱ ባለቤትነቱን ይጠይቁ። ኦፕንስትሪትማፕ፣ ዊኪቮያጅና ትሪፕአድቫይዘር ላይ ያንኑ ስም፣ ያንኑ ስልክ ያስገቡ። የባንኩን ጉዳይ ከጨረሱ በኋላ ቡኪንግ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ ይልቀቁ፤ ሌላ የሽያጭ ድረ ገጽ አይጨምሩ። አምስት ክፍል ከአንድ በላይ የክፍል መያዣ የቀን መቁጠሪያ አይችልም። ከ45,000 ብሩ ጥቂቱን ለጥሩ ፎቶ አንሺ፣ ቀሪውን ለታንከርና ለፍራሽ ያውሉት። አስጎብኚዎች ላይም በርዎን አይዝጉባቸው፤ ቡኪንግ ሲመጣ ያኮረፈ አስጎብኚ እንግዳ ይዞብዎት ይሄዳል።

ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለውን ደረቅ ወቅት በዚህ ይሞክሩት። በር ላይ ባለው የእንግዳ መዝገብ አንድ ዓምድ ይጨምሩና እያንዳንዱን እንግዳ «እንዴት አገኙን?» ብለው ጠይቀው መልሱን ይጻፉበት። መጋቢት ላይ ይቁጠሩት። ቡኪንግ ካመጣው ይልቅ በቀጥታ የሚደውለው ከበዛ የለቀቁለትን ክፍል ወደ አንድ ዝቅ ያድርጉ። አንድም ሰው ያላመጣውን ገጽ ደግሞ ስልክና ዋጋውን አስተካክለው ይተዉት፤ ሌላ ጊዜ አያጥፉበት።